ከማልሱን ቅንድብ በላይ

ፕዮ ዳልሱ ከኑድል ቤቴ በላይ ባለው ፎቅ ወጌሻ ነው። እኔ ታች ሊጥ ሳሽ እሱ ላይ የሰው ጀርባ ያሻል። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው፤ ዓይነ ስውር ስለሆነ ግን መብራት በራ ጠፋ ግድ የለውም። ሲወርድ ከእግሩ ድምፅ ሁኔታውን አውቃለሁ። ቀስ ብሎ ከወረደ ደክሞታል፤ ፈጠን ካለ ርቦታል። ሚስቱ ማልሱን በሕይወት ሳለች ግን ሌላ ዓይነት አወራረድ ነበረው። ማታ ከሥራ ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ጀምራ በልጃቸው ስም «የዳንቢ አባት!» እያለች ስትጣራ፣ የያዘውን ጀርባ እንዳለ ጥሎ እየሮጠ ይወርድ ነበር። ደንበኞቹ ይሰድቡታል። እኔም እሰድበው ነበር፤ የማልሱን ጩኸት ኑድል የሚበሉትን ሰዎች ትን ያስብልብኝ ነበርና።

ይኼን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በማን ላይ እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላወቅኩም።

ማልሱን የምትጮኸው ባለጌ ሆና አልነበረም። እኛ ዮንግዶ ደሴት ላይ የምንኖር ሰዎች መርከብ ሲጠገን ነው ያደግነው። መርከቡ ከባሕር ወጥቶ ሲቆም ሴቶቹ በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ይቀመጡና ከብረቱ ጎን ሆነው ዝገቱን በመዶሻ ያራግፋሉ። ካንግ ካንግ ካንግ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ያ ድምፅ የብዙ ሰው ልጅ አስተምሯል፤ የብዙ ሴት ጆሮም ወስዷል። ማልሱን ገና በልጃገረድነቷ ነው ሳንቃው ላይ የወጣችው። በመጀመሪያው ዓመት የዝገት ስባሪ ተፈናጥሮ ከግራ ቅንድቧ በላይ ገባ፤ ሲድን የገብስ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ትቶ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጆሮዋ ደከመ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ልትነግሯት ከፈለጋችሁ ወይ ፊት ለፊት ቆማችሁ አፋችሁን ማሳየት አለባችሁ፣ ወይ ትከሻዋን መነቅነቅ አለባችሁ።

ከዳልሱ ጋር ያገናኛቸው ያው ትከሻዋ ነው። እሱ ገና በሕፃንነቱ በኩፍኝ ዓይኑን ያጣ የገጠር ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ከተማ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኩት፤ እዚያ ወጌሻነት ተማረ። በአገራችን ሕግ ይኼ ሙያ ለዓይነ ስውራን የተተወ ስለሆነ ብዙም ምርጫ አልነበረውም። ማልሱን መዶሻ ያደነደነው ትከሻዋን ይዛ መጣች። አሽቷት ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፊትሽን ላየው እችላለሁ?» አላት። ያየው በእጁ ነው፤ ሌላ ማየት አያውቅም። እሷ አልሰማችም። የደነቆረ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ግን ደህና እንደሰማች ሆና ራሷን ነቀነቀች። እሱ መነቅነቋን አላየም፤ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወስዶ ሁለቱንም እጆቹን ፊቷ ላይ አሳረፈ። በጥፊ አጮለችው።

«አውራ ጣቴ ጠባሳዋ ላይ ሳለ ነው የመታችኝ» ይል ነበር ሲያወራው። «ጣቴን ግን አላነሳሁም።»

«ሁለተኛ ልድገምልህ ብዬ ነበር እኮ» ትላለች እሷ፣ ከንፈሩን እያየች። «ግን ሰውዬው ፈገግ አለ። ፈገግ ያለ ሰው እንዴት ይመታል?»

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ ይሁን ልትደግመው እኔም አላወቅኩም፤ እሷም አላወቀችም። በበልግ ተጋቡ።

እሱ አያያት፣ እሷ አትሰማው። ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ሊኖሩ ነው ብሎ ነበር። እኔ ራሴ ዓመት አይቆዩም ካልኩት ውስጥ ነኝ። እነሱ ግን ዘዴ አበጁ። ማታ ሲገናኙ እሷ እጁን ትይዝና አውራ ጣቱን ከቅንድቧ በላይ ጠባሳው ላይ ታሳርፈዋለች። እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ ማለት ነው። እሱ በጣቱ ጠባሳውን ቀስ አድርጎ ይጫነዋል። እንኳን መጣሽ ማለት ነው። ኩርፊያም ላይ ቢሆኑ ይኼን አይተዉም። እንዲያውም አንዴ በምን እንደሆነ እንጃ ተጣልተው ሳምንት ሙሉ ሲዘጋጉ አይቻለሁ፤ ያኔም ቢሆን ማታ ማታ ደረጃው ሥር ቆመው ያችን ነገር ያደርጋሉ፣ ከዚያ ተኮራርፈው ይወጣሉ። ዳንቢ ስትወለድ ዳልሱ መጀመሪያ የዳሰሰው ግንባሯን ነበር። ጠባሳ የሚወረስ መስሎት ነው እያልን አሾፍንበት።

ማልሱን ያለፈችው በክረምት ነው። ያን ማታ አልጮኸችም። ዳልሱ ወርዶ «እትዬ፣ የዳንቢ እናት አልመጣችም እንዴ?» አለኝ። «ትመጣለች፣ ምን አስቸኮለህ» አልኩት። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ወድቃ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አልቋል። እጁን ይዤ ወደ አልጋው ወሰድኩት፤ አውራ ጣቱ መንገዱን ያውቅ ስለነበር እኔ አልመራሁትም። ጠባሳው ላይ አሳርፎ ጫን አደረገው። ቆየ። ከዚያ «ቀዝቅዛለች» አለ።

በቀብር አዳራሹ በነጭ አበባ የተከበበ ትልቅ ፎቶዋ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ለፎቶው ሰግዶ ሲነሳ «እንዴት ታምራለች!» ይለዋል። እሱም ራሱን ይነቀንቃል።

ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወርዶ ኑድሉን ሳይነካ ተቀመጠ።

«አልጣፈጠህም?» አልኩት። «ሥጋውን ሁለት እጥፍ ነው ያደረግኩልህ። ካልበላህ አስከፍልሃለሁ።»

«እትዬ፣ እጄ እየረሳ ነው።»

«ሥራህን?»

«እሷን።»

ነገሩን ሲያስረዳኝ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። ማታ ማታ ሥራ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ፊቷን ይጠራዋል። ድሮ ወዲያው ይመጣል፤ መጀመሪያ ጠባሳው፣ ከዚያ ቅንድቧ፣ ከዚያ ጉንጯ። አሁን አሁን ይዘገያል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቆዳ ነው የሚነካው፤ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ላብ ያለው፣ ቅባት ያለው። በላይዋ ላይ እየተደረበባት ነው።

«እናንተ ፎቶ አላችሁ» አለኝ። «ስትረሱ ታያላችሁ። እኔ ያለኝ ይኼ ነው። ይኼ ከጠፋ ለኔ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው።»

ኑድሉን አሙቄ መለስኩለት።

በዚያው ሰሞን ታክ የሪም የምትባል መሐንዲስ አንገቷ አልዞር ብሏት መጣች። ከባሕሩ ወዲያ ማዶ፣ የመስታወት ሕንጻዎቹ ካሉበት ሰፈር ነው የምትሠራው። ዳልሱ እያሸ ይቀልድባታል።

«ልጄ፣ ይኼ አንገት ነው ወይስ ጣውላ? ምን ስትሠሪ ነው እንዲህ የደረቅሽው?»

«ጓንት እንሠራለን፣ አባባ።»

«ጓንት ሰፍቶ እንዲህ የሆነ ሰው አላየሁም።»

ሳቀችና ነገረችው። ሰው ያንን የምናብ ዓለም የሚያሳየውን መነጽር ሲያደርግ ፊት ለፊቱ ጽዋ ይታየዋል፤ እጁን ሲዘረጋ ግን የሚጨብጠው አየር ነው። የእነሱ ጓንት ያን አየር ጠጣር ያደርግለታል። ጽዋው በእጁ ይሞላለታል፤ ትኩስ ከሆነም ያቃጥለዋል።

«እኔ መነጽሩን ብተወውና ጓንቱን ብቻ ባደርገውስ?» አላት።

«እኛም የምንፈልገው እንደርስዎ ያለ ሰው ነው። የሚያይ ሰው እጁ ቢያጣው እንኳ ዓይኑ ይሞላለታል፤ ጓንቱ መሳሳቱን አያውቅም። እርስዎን ግን ማታለል አይቻልም።»

«ሚስቴም እንዲሁ ትል ነበር» አላት።

ሐሙስ ሐሙስ እየሄደ ጓንቱን ይሞክርላቸው ጀመር። ሲመለስ ኑድል ቤት ገብቶ ወሬውን ያወራል።

«ዛሬ ውሻ ዳስሼ መጣሁ።»

«አልነከሰህም?»

«ጥርስ ገና አልሠሩለትም።»

ድንጋይ ዳሰሰ፣ ፍራፍሬ ዳሰሰ፣ የሕፃን እግር ዳሰሰ። የሕፃኑን እግር የዳሰሰ ቀን «ፊትም ይሠራሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት» አለኝ።

«ምን አለችህ?»

«ፎቶ ካለ ይሠራል አለች።»

ዳንቢ ኡልሳን ከተማ ነው የምትሠራው። ያሉትን ፎቶዎች ሰብስባ ላከች። አብዛኛው ለሽርሽር ተሰብስበው የተነሱት ነው፤ የማልሱን ፊት ከባቄላ አይበልጥም። ከቅርብ የተነሳችው አንድ ብቻ ነበር፤ ያ የቀብሩ ፎቶ። እሱን የተነሳችው ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። የሰፈራችን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የቀብር ፎቶአቸውን በቁማቸው ይነሳሉ፤ ዕድሜ ያረዝማል ይባላል። አብረን ነበር የሄድነው። ፎቶ አንሺው ልጅ ሲያስረክበን «እማማ፣ ሃያ ዓመት ቀነስኩልዎት» አላት። ማልሱን አፉን አይታ ገባትና «ታዲያ ሠርግ ልደግስ ነው ቀብር?» ብላ ፎቶ ቤቱን በሳቅ አናወጠችው።

ሥራው ጊዜ ወሰደ። የሪምና ጓደኞቿ ከሌላው ሥራቸው በኋላ እያመሹ ነበር የሚሠሩት፤ ማንም አላዘዛቸውም። በመጨረሻ ኑ ተባልን። ዳንቢ ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ ሦስታችን ድልድዩን ተሻግረን ሄድን።

ዳልሱን ወንበር ላይ አስቀምጠው ጓንቶቹን አጠለቁለት። በየጣቱ ጫፍ የሚነፉና የሚተነፍሱ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች አሏቸው፤ በእጁ ጀርባ በኩል ደግሞ ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተዋል። ጣቱ ያ የሌለው ነገር ጋ ሲደርስ ክሮቹ ይይዙታል፣ ከረጢቶቹ ይነፋሉ፣ ሙቀትም ይመጣል። እኔና ዳንቢ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰፊ ስክሪን እያየን ቆምን።

ማልሱን መጣች። ራሷ ናት። ዓይኗን ታርገበግባለች፣ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ዳንቢ «እማ!» ብላ አፏን ያዘች። እኔም አለቀስኩ፤ አልቅሼም አላፈርኩም።

የዳልሱ እጆች ከአገጯ ጀመሩ። ቀስ ብለው ወደ ጉንጯ ወጡ። ጉንጯ ላይ ሲደርሱ ትንፋሹ ተቆረጠ። ከዚያ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ወደ ቅንድቧ ሄደ። አለፈው። ተመለሰ። ደግሞ አለፈው። ቤቱ ገብቶ ወንበሩን በቦታው እንዳጣ ሰው ጣቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባባ» አለች የሪም። «ናቸው?»

እጁን ሳያወርድ «ናት» አላት። «እጃችሁ ይባረክ።»

ከክፍሉ መስታወት ጀርባ ቆመው የነበሩት የየሪም ጓደኞች አጨበጨቡ። የሪም ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ስንመለስ ዳንቢ ወደ ባቡሯ ሄደች፤ እኔና እሱ አውቶቡስ ያዝን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ጠባሳዋ የለም» አለኝ።

መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባኝም። ከዚያ ፎቶው ትዝ አለኝ። በአገራችን ፎቶ ቤት ገብቶ የራሱን ፊት ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። ነጥቡን ያጠፋሉ፣ አገጩን ይሞርዳሉ፣ ዓይኑን ከፈት ያደርጋሉ። ተንኮል አይደለም፤ ደግነት ነው። ሳያሳምር የሚያስረክብ ፎቶ አንሺ ደንበኛውን እንደናቀ ነው የሚቆጠረው። ያ ልጅ ሃያ ዓመት ሲቀንስላት ጠባሳዋንም አብሮ ቀንሶላታል። እኛ የምናየው ሰዎች ስክሪኑ ፊት ቆመን ራሷ ናት ብለን አለቀስን፤ ጠባሳው አለመኖሩን አንዳችንም አላየንም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ጮህኩበት። አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አየን። «አፍ የለህም? ናት ብለህ መረቅኻቸው እኮ!»

«ልጆቹ ስንት ጊዜ አምሽተውበታል። ያቺ ልጅ ስታለቅስም ሰማኋት። የሰው ድካም ላይ እንዲህ ይጎድለዋል ይባላል?»

«ይባላል! እኔ እላለሁ። ነገ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«እትዬ፣ በማልሱን ይሁንብሽ፣ እንዳትነግሪያት።» ክንዴን ያዘ። «ጉንጯ ይሞቃል። ለመጨረሻ ጊዜ ስነካት ቀዝቃዛ ነበረች፤ ዛሬ ሞቀችኝ። ጠባሳውን እኔ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ጣቴ ያውቀዋል።»

በማልሱን ካስማለኝ ምን አደርጋለሁ? አፌን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እየሮጠ ይወርድ ጀመር። ያ የጠፋው አወራረድ ተመለሰ። ደንበኞቹ ከላይ ሆነው ይሳደባሉ፣ እሱ ጫማውን እየጎተተ ያልፈኛል። ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ሲያልፍ እተናኮለዋለሁ።

«ሌላ ሴት ጋ እየሄድክ ነው አይደል?»

«ምነው፣ ቀናሽ እንዴ እትዬ?»

«እኔ ምን ያስቀናኛል። ለማልሱን ነው የምቀናላት።»

ይስቅና ይሄዳል። መልኩ ተመልሶ ነበር፤ ውሸት አልናገርም። ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ጸጉሩን ይቆረጣል። ለሞተች ሴት ጸጉሩን ይቆረጣል እያልኩ ከጎረቤቶቼ ጋር ሳማው ከርሜያለሁ። አንዳንዴም ይኼው ይሻለዋል፣ እኔን ምን አገባኝ እላለሁ።

የማልሱን ሙት ዓመት መጣ። ዳንቢ ከኡልሳን መጥታ ማዕዱን አሰናዳች፤ ሩዝ፣ ሾርባ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከነልጣጩ የቆመ የፒር ፍሬ። ፎቶዋን ከማዕዱ ኋላ አቆምነው። ዳልሱ የሩዙን አረቄ ቀድቶ ሰገደ። ከዚያ የሟች ነፍስ መጥታ ከማዕዱ ትበላለች የሚባልበት ጊዜ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ፊታችንን አዙረን ዝም እንላለን፤ ሰው እያየው መብላት ለሟችም ያሳፍራል። እኔና ዳንቢ ወደ ግድግዳው ዞርን። ዳልሱ ግን እሱ መዞርም አለመዞርም ያው ነው እያለ በየዓመቱ ወደ ማዕዱ እንደዞረ ይቀመጣል፤ መዳፎቹን ዘርግቶ ይጠብቃታል። ይኼን ከማልሱን ሞት ጀምሮ አንድም ዓመት አላስታጎለውም።

ጽዋው ሲወድቅ ሰማን።

ዞር ስል እጆቹን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ይዟቸዋል፤ የሌላ ሰው እጅ የያዘ ይመስላል። አረቄው ሱሪው ላይ ይፈስሳል።

«አባ፣ ምን ሆንክ?» አለች ዳንቢ።

«መጣች።»

«ማ?»

«ያቺኛዋ ናት የመጣችው። የጓንቷ። ለስላሳዋ።»

እኔ ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። «ጠባሳውን አልጨመርክበትም?»

«ጨመርኩ እትዬ። ደጋግሜ ጨመርኩ። አልይዝ አለኝ።»

ዳንቢ ተነስታ ፎቶውን አነሳችው፤ መብራቱ ሥር ወስዳ ከቅንድቡ በላይ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። «እውነትም የለም» አለች። በየዓመቱ ለዚያ ፎቶ ስትሰግድ ኖራለች። ሦስታችንም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ማንም አላነሳውም። ዳልሱ ሳያቋርጥ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያሸው ነበር፤ ቀን ሙሉ የሰው ጀርባ ሲያሽ በሚጠቀምበት ኃይል ነው የሚያሸው። «ተው፣ ታቆስለዋለህ» አልኩት። አልሰማኝም።

በነጋታው ኑድል ቤቱን ዘግቼ፣ ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ። መሐላውም ገደል ይግባ ብያለሁ። የሪምን ከስብሰባ አስጠርቼ እዚያው መተላለፊያው ላይ ያለኝን ሁሉ አወረድኩባት። ማልሱንን ገደላችኋት አልኳት። እሱ አፈር ካለበሳት በኋላ እናንተ ደግሞ ከእጁ ላይ ፋቃችኋት አልኳት። ልጅቷ አልተከላከለችም። ጠባሳ ስል ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ፎቶው ተነካክቶ ነበር?»

«ያልተነካካ ፎቶ የት አለ?»

ከደረቷ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን አንስታ አየችው። እኔም አየሁት። ፎቶው እሷን አይመስልም። ቀስ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

«ናት ሲሉኝ ከልባቸው መስሎኝ ነበር፣ እማማ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ደክማችኋል ብሎ ነዋ።»

እሷ አለቀሰች፤ የኔም ንዴት ውኃ ሆነ። ባለጌ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ዓይኗን ጠርጋ ስትነሳ «ጠባሳውን እሠራዋለሁ» አለች። «እሳቸው ቦታውን በጣታቸው ያሳዩኝ እንጂ፣ እዚያው ቁጭ ብለው እያሉ እሠራዋለሁ። ይመለስላቸዋል።»

ዳልሱን ይዤው ሄድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁን ታጥቦ ታጥቦ ቆዳው ቀልቷል። አሳንሰሩ ውስጥ «ይመለስልኛል ብላለች አይደል?» አለኝ። «ብላለች» አልኩት። እኔም አምኜ ነበር።

ጓንቶቹን አጠለቁለት። ማልሱን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች። የሪም አጠገቡ በርከክ ብላ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አውራ ጣትዎን ቦታው ላይ ያሳርፉልኝ። ሌላውን ለኔ ይተዉት።»

ሁለቱንም እጆቹን አነሳ። አውራ ጣቶቹ ከሁለቱ ቅንድቦች በላይ ደረሱ፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ቆሙ። የቀኙ ትንሽ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። የግራው እንደዚያው አደረገ። ያ ጣት በሕይወቱ ሙሉ መንገድ ሳይጠይቅ ነበር የሚደርሰው፤ በድን ሆና እንኳ አላጣትም። ጠበቅን። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ማሽኑ ብቻ ቲክ ቲክ ይላል።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «የትኛው ነበር?»

«ግራው ነው» አልኩት። «ከግራ ቅንድቧ በላይ።»

«የሷ ግራ?»

«የሷ ግራ፣ የዳንቢ አባት።»

ፊቱን ወደ የሪም መለሰ። «ግራው ነው ትላለች» አላት።

የሪም ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እጇ ግን ሥራው ላይ ነበር። «ምን ያህላል እማማ?»

«የገብስ ፍሬ።»

«ሻካራ ነበር ወይስ ለስላሳ?»

ዳልሱን አየሁት። እሱም ጆሮውን ወደኔ አዘንብሎ ይጠብቃል። እኔ ማልሱንን ዕድሜ ልኬን አየኋት፤ አብሬያት በላሁ፣ አብሬያት ሳቅኩ። ግንባሯን ግን አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። የነካው እሱ ብቻ ነበር።

«ሻካራ ነበር» አልኩ።

«ሻካራ ነበር» አለ ዳልሱም፣ እንዳይረሳው ቀስ ብሎ።